ሰባት ቢጫ ክቦች

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ሁለት ልብስ ጨረስኩ። የአንዱን የአንገት ጎማ ቀየርኩ፣ የሌላውን ዚፕ ሰም ቀባሁ። ጠላቂዎቹ ይህን ውኃ የማያስገባ ልብሳቸውን «ደረቁ» ነው የሚሉት። ሲያፈስም ስሙ ያው ደረቁ ነው... ደግ የሚባሉ ክፉ ሰዎች እንዳሉት። እስከ ምሳ ድረስ ሰላም ነበር።

ከምሳ በኋላ የእህቴ ባል መጣ። ወደቡ ላይ ብረቱ ይሉታል። የመርከብ ሆድ ሥር ገብቶ የሚፍቅ፣ የሚበይድ ጠላቂ ነው። ሰላም የለ፣ ምን የለ። የሚያንጠባጥብ ልብሱን ገና ሙጫው ባልደረቀ ሥራዬ ላይ ወረወረው። የሦስት ሰዓት ልፋቴ ገደል ገባ።

«ያንቺ ሙጫ ሙጫ ነው ወይስ ንፍጥ?»

«መጀመሪያ እንደ ሰው ሰላም በል።»

በግራ ጎኑ ውኃ ይገባል አለ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው። ከውኃው ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ትኩሳት ይዞት ይተኛል። አለቃዬ፣ ጋሼ፣ ከጓዳ ወጡ። «ልጄ፣ ቀስ በል፣ እናየዋለን» ከማለታቸው... በጥፊ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው! መነጽራቸው የሳሙና ባልዲው ውስጥ ገባ።

ትልቁን መቀስ አንሥቼ ቆምኩ። ሳቀብኝ። «ትወጊኛለሽ?» እወጋው ነበር? እወጋው ነበር መሰለኝ። አብሮት የሚጠልቀው ሰውዬ፣ ዝምተኛው፣ ክንዱን ይዞ አወጣው። ይህን የመሰለ ጨዋ ከዚህ ጋር ምን አጣመረው? ድርጅቱ ነው ያጣመራቸው። ውኃ ውስጥ ማንም ብቻውን አይወርድም።

ጋሼ መነጽራቸውን ከባልዲው አውጥተው ጠረጉ። «ዓርብ አድርሺለት» አሉ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ልብሱን ነፋሁት። አንገቱን በኳስ፣ እጅጌዎቹን በጠርሙስ ደፍኖ በቫልቩ አየር መሙላት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ራሱ ሰውዬው ተንጋሎ የተኛ መሰለ... ጭንቅላቱ የፕላስቲክ ኳስ። ማንም አላየኝም፣ አንድ ቡጢ ሆዱን አልኩት። ደስ አለኝ።

ከዚያ የሳሙና ውኃ በብሩሽ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳ ነው፣ በቢጫ የሰም እርሳስ ይከበባል። ሰሙ በውኃ ስለማይለቅ መጨረሻ ላይ በቤንዚን እንጠርገዋለን። ግራ ብብት ሥር፣ ስፌቱ ጠርዝ ላይ አንድ አገኘሁ። አጠገቡ ሌላ። ቀጥሎ... ሰባት ሆኑ።

ሰባቱም በአንድ መስመር። ሁለት ተጠጋግተው፣ ክፍተት። ሁለት፣ ክፍተት። ሁለት፣ ክፍተት። አንድ። በማጉያ መነጽር አየሁት። የዛገ ብረት ሥራ አይደለም፣ የመርፌ ነው። የተወጋውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ወግቶ አንድ የሚዘል እጅ አውቃለሁ። እናታችን ስፌት ስታስተምረን ታናሼን በማስመሪያ ጣቶቿን ትላት ነበር። «ሁለት ትወጊና አንዱን ትዘያለሽ! ጨርቁ ነው የሚሸሽ ወይስ አንቺ?» እኔ እስቅ ነበር።

ሚጡ ናት። የራሷ እጅ ነው። አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ቤቷ ሄድኩ። ሻርፕ በአንገቷ ጠምጥማ ከፈተችልኝ። ቤት ውስጥ ሻርፕ! ብረቱ መኝታ ቤት ተኝቶ ያስላል። መታጠቢያ ቤት አስገብታ ቧንቧውን ከፈተችው፣ እንዳይሰማን።

«አንቺ ነሽ የወጋሽው?»

«የቱን?»

«ሚጡ!»

እጇን በፎጣ አደረቀች። ጣት በጣት... ጊዜ ለመግዛት።

«ሲረጥብ ሁለት ቀን ይተኛል፣ እትዬ። ሁለት ቀን እጁ አይነሣም። እኔም እተኛለሁ። ፀጉሬን እታጠባለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«ቢሰምጥስ?»

«እኔ እዚህ ዋና ላይ ያለሁ መሰለሽ?»

እኔ ጋ ነይ አልኳት። ቤትሽን ያውቀዋል አለችኝ። ዝምተኛውስ? አልኳት። ባልሽ ታች ቢደክም ሊያወጣው የሚሞክረው ማን ነው? አብሮ ቢቀርስ? ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች... እንደ ልጅነቷ፣ ምን አገባኝ እንደማለት። ደሜ ፈላ። በጥፊ አልኳት።

አልጮኸችም። ፊቷን እንኳ አልያዘችም። ዝም ብላ ሁለተኛውን ጠበቀች። ልምድ ያለው ሰው ነው እንደዚያ የሚጠብቅ። ቧንቧውን ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ መዳፌ ይግለኝ ነበር። ምን አድርጌያለሁ?

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

እንዲያፈስ ልተወው? ሁለት ቀን ታገኛለች። ወይ ደግሞ ዝምተኛው አንድ ቀን ሬሳ ይዞ ይወጣል፣ ወይ ሁለቱም አይወጡም። ሌላ ቀዳዳ አገኘሁ ብዬ ላዘግየው? ሥራ ከፈታ የሚመታው እሷን ነው። በየት በኩል ብዞር እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

እያሰብኩ እጄ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ገለበጥኩት። ስፌቱን በስፒሪት ጠረግሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ሙጫ አንድ ጊዜ፣ ጠብቄ ሁለተኛ። ጥብጣቡን አልብሼ በብረት መዳመጫ ከመሐል ወደ ዳር። አየር አንድ ጠብታ አልቀረበትም። ሥራ ሲያምርልኝ ሰው አይደለሁም፣ ሁሉን እረሳለሁ። የማን ልብስ እንደሆነ እንኳ ረስቼው እያንጎራጎርኩ ነበር። ጋሼ ከበሩ ላይ አይተውኝ «ዛሬ ሰርግ ነው እንዴ?» አሉ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

የጠገነ መጀመሪያ ራሱ ለብሶ ይግባ፣ ይህ የጋሼ ሕግ ነው። ለብሼው ገንዳው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ስወጣ ብብቴ ሥር አቧራ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ገና ሳላወልቀው ብረቱ መጣ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። አጣደፈኝ። አውልቄ ሰጠሁት። ውስጡን ዳበሰና «አሁን ሰው ሆንሽ» አለኝ።

እውነቴን ልጻፍ፣ ምስጋናው ደስ ብሎኛል። ከዚያ አፍ!

ኅዳር 9፣ እሑድ

የሚጡ ጎረቤት ደወለች። ክሊኒክ ናት አለች። «እኔ እኮ ሁልጊዜ እሰማ ነበር» ትላለች ደግሞ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንድ ጆሮዋ አይሰማም። መንጋጋዋ አብጦ ቃሏ አይገባም፣ እየቆራረጠች ነገረችኝ። ቅዳሜ ደርቆ ወጣ። ደስ ብሎት መጣ። ልብሱን ሊያናፍስ አልጋው ላይ ዘረጋው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ነይ። ይኼ ምንድን ነው?»

ሰባት ቢጫ ክቦች። በሰልፍ።

ሳልጠርገው ነው የሰጠሁት! አጣደፈኝ፣ አመሰገነኝ፣ እኔም ቤንዚኑን ረሳሁት። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።

«ድንጋይ በሰልፍ አይወጋም» አላት። የክር ቆርቆሮዋን አምጥቶ አልጋው ላይ ደፋው። በያንዳንዱ ክብ አንድ ጊዜ መታት። ጮክ ብላ እንድትቆጥር አደረጋት። አምስተኛው ላይ ተሳሳተች... ከአንድ አስጀመራት።

ሐኪሙ ምን ሆና ነው አለኝ። ከደረጃ ወደቅሁ አለች እሷ ቀድማ። ቤታቸው ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። ሐኪሙም «ከደረጃ» ብሎ ጻፈ።

አንድ ጊዜ በቤንዚን ጨርቅ ቢጠረግ ይለቅ ነበር። አንድ ጊዜ!

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ቤቴ አመጣኋት። ፖሊስ ጣቢያ ብቻዬን ሄድኩ። «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ነገ ይታረቃሉ፣ አንቺ ጥርስ ውስጥ ትገቢያለሽ።» ጠረጴዛውን ገልብጬበት ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ምላሴን ነክሼ ወጣሁ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

በእንቅልፍ ኪኒን አስተኝቻት ሥራ ገባሁ። አራት ሰዓት ላይ ብረቱ መጣ።

«አንቺ ነሽ የከበብሽው። ታውቂ ነበር!»

ፀጉሬን ይዞ ግንባሬን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ሁለቴ። ሙጫው ሸተተኝ፣ ዓይኔ ላይ ብርሃን ተረጨ። እጄ ሲዳብስ መዳመጫውን አገኘ፣ የሁለት ኪሎ ብረት። ክርኑን አልኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁ። እንደ ጥጃ ጮኸ። በግራው ጉሮሮዬን ያዘኝ። አውራ ጣቱን ነከስኩ፣ ጥርሴ አጥንት እስኪነካ። ጋሼ የሳሙናውን ባልዲ ሙሉውን ፊቱ ላይ ደፉበት። ዓይኑን እያሸ እርግጫ ሲሰነዝር ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ። ዝምተኛው ደርሶ ጎተተው።

ሁለት ጥርሴ ይወዛወዛል። ግንባሬ ላይ ሰባት ስፌት... እንዴት ያለ ቁጥር ነው ይኼ! ግን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ያ ቀጭ ያለው ድምፅ ደስ ብሎኛል። ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ዝምተኛው ልብሱን ይዞ መጣ። ብረቱ በንዴት የአንገቱን ጎማ ቀዶታል። ወደቡ ላይ ሌላ ጠጋኝ የለም፣ ስለዚህ ደብድቦኝም የሚልከው ለኔ ነው። ክርኑ ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም። በፋሻ አስሮ ይወርዳል፣ እንቢተኛ ነው።

«ቅዳሜ ጥልቅ ሥራ አለ» አለ ዝምተኛው። ግንባሬን አየ። ከዚያ መሬቱን አየ።

«የሚስቱን ክንድ ሰብሮ ነው ከአንተ ጋር የወረደው» አልኩት።

«ወድቃ ነው ብሎኛል።»

«አንተስ ምን መሰለህ?»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ልብሱ እኔ ጋ እንዳለ ለሚጡ ነገርኳት። ለምን ነገርኳት? ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠኋት ነበር። ማንኪያውን በደህናው እጇ ገፋችው።

«እትዬ... አሁን ሁለት ቀን አልፈልግም። ሙሉውን ነው የምፈልገው።»

ገብቶኛል።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

አዲስ የአንገት ጎማ አደረግሁለት። ከዚያ መርፌ ይዤ ልብሱ ፊት ተቀመጥኩ። የት ቢወጋ ላይ ላዩን ሳያስታውቅ ጥልቁ ላይ ሲደርስ እንደሚከፈት አውቃለሁ። ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚመረምረውም እኔው ነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ።

ልገድለው እችል ነበር። ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም የተውኩት። ያን ኮፍያውን አድርጎ የወጣውን ዝምተኛውን አሰብኩ፣ ታች ጨለማው ውስጥ እየዳበሰ ብረቱን ሲፈልግ። ደግሞ ማንም ሳያየው፣ በስውር፣ «አደጋ ነው» ተብሎ እንዲጻፍለት? የሷ ክንድ «ከደረጃ» ተብሎ እንደተጻፈው? አይሆንም። ሁሉ ሰው ይይ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው፣ የቀኜ ጣቶች አብጠዋል።

ሁለት ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስኩ። አሥራ አንድ ጠላቂ፣ ካቦው፣ የጀልባው ሞተር ተነሥቷል። ብረቱ እጁን ዘረጋ፣ አምጪ እንደማለት። ልብሱን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቼ ረገጥኩት። ትልቁን መቀስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከአንገት ጀምሬ... በደረቱ፣ በሆዱ፣ በእግሩ እስከ ቦቲው። ወፍራም ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

«ይህን ልብስ የወጋችው ሚስቱ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ሲታመም ስለማይመታት ነው! አውቄ ጠገንኩለት። ደረቅ ሆኖ ወጣና ክንዷን ሰበረ፣ እያስቆጠረ! ከደረጃ አልወደቀችም! ደረጃ የላቸውም!»

ቃሌ ሳያልቅ መታኝ። አፍንጫዬ ሲሰበር ሰማሁት፣ አላመመኝም። ወድቄ እጄን ረገጠኝ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እየደማሁ ፊታቸውን አየሁ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ያውቁ ነበር። ካቦው «ሥራ ላይ ነን እኮ» ይላል!

ያኔ ዝምተኛው ወደ ታች የሚያወርደውን የወገቡን የእርሳስ ክብደት ፈታ። ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው፣ አልጣለውም፣ አስቀመጠው።

«እኔ ከእሱ ጋር አልወርድም።»

ካቦው ዞሮ «እሺ፣ ማን ይወርዳል?» አለ። አንድ ሰው የለም። ደግሞ ጠየቀ። አንዱ አፉን በእጅጌው ጠረገና «እኔም አልወርድም» አለ። ሌላውም።

ብረቱ ዞር ዞር ብሎ አየ። ያን የእርሳስ ክብደት አንሥቶ የዝምተኛውን ትከሻ አለው። ከዚያ በኋላ ተረባረቡበት። ስድስት ወይ ሰባት ሆነው። ቦቲያቸው ጎኑ ላይ ሲያርፍ የእርጥብ ጆንያ ድምፅ ነበረው። «አንድ» እያለ የሚቆጥርለት ነበር አንዱ። ካቦው ዘግይቶ ነው «ይበቃል» ያለው፣ እሱም ቀስ ብሎ። እኔም አላስቆምኳቸውም። ተቀምጬ አፍንጫዬን ይዤ አየሁ።

ጋሼ ሲሰሙ የተቀደደውን ልብስ ገልብጠው አዩት። «ምነው ስፌቱን ተከትለሽ ብትቆርጪው? ለልምምድ ይሆነን ነበር» አሉኝ። ከዚያ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ብረቱ በሰው ሸክም አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ሄደ አሉ። ሌላ ወደብ ይፈልጋል ይሆናል። ብረቱ የትም ሄዶ ቢያመለክት እኔን ጠይቁኝ ብሎ ዝምተኛው ለየድርጅቱ ጽፏል። ሰው ሲናገር ለካ እንዲህ ይናገራል።

ለሚጡ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ጣራውን አየች። «ደሙ ብዙ ነበር?» አለች። ብዙ ነበር አልኳት። ተኛች።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ከሥራ ስገባ ስልክ ላይ ናት። እሱ ነው! እያለቀሰ ያወራል፣ እሷ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ስልኩን ነጥቄ ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ብርጭቆውንም። «አፍንጫዬን ለማን ብዬ ነው ያሰበርኩት? ለማን ብዬ?» ብዬ ጮህኩ። እስኪደክመኝ።

መጥረጊያ አመጣች። በአንድ እጇ ስብርባሪውን ጠራረገች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ስትጨርስ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ በጣም ለስላሳ። ለእሱ እንዲህ ነበር የምታወራው? ቁጭ አልኩ።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ዛሬ አልጮህኩም። አንድም ጊዜ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ጮህኩ። በተቃጠለ ድስት! ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ዓርብ ጀሶዋ ወጣላት። ክንዷ ቀጥኗል፣ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ግን ትዘረጋዋለች። ዛሬ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሻንጣ ይዛ ወጣች።

ልብስ ሰፊ ቤት ሥራ አግኝታለች። ክፍልም ተከራይታለች። መቼ? እኔ ሥራ ስውል። ለማንም ሳትናገር፣ ሁሉን አሰናድታ።

«የት ነው ክፍሉ?»

የሻንጣውን ዚፕ አጥብቃ ዘጋች።

«ሚጡ፣ የት ነው? እህትሽ አይደለሁም?»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ተዘጋጅታበታለች፣ ሳትንተባተብ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ ማታ ስትመጪ ደረጃው ላይ ኮቴሽን አዳምጣለሁ። ከፈጠነ ወጥ ቤት እገባለሁ። ቀስ ካለ እቀመጣለሁ። የእሱንም እንዲሁ ነበር የማዳምጠው።»

ከእሱ ጋር! እኔን! ግንባሬ ላይ ጠባሳ፣ አፍንጫዬ ተጣሞ... እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፣ ራሱ ተነሣ። አየችው። ፊቷን አልሸፈነችም፣ አልሸሸችም፣ ሁለተኛውንም አልጠበቀችም። ዝም ብላ እጄን አየችው፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እንደምትጠይቀው ሁሉ።

አወረድኩት። ምን ላድርገው? የሻንጣውን እጀታ አስያዝኩት።

ደረጃውን ተሸክሜላት ወረድኩ። ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ ኮቴዬን እየሰማሁ። ታክሲ ቆሞ ነበር። ሻንጣውን ከኋላ ጫንኩ። «ስትናፍቂኝ እኔ እመጣለሁ» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ፣ አፍንጫዬን እንዳትነካው ተጠንቅቃ። በሩን ዘጋሁላት። ሹፌሩ «ወዴት ነው?» አላት።

አልመለሰችለትም። በመስኮቱ እኔን ታያለች። እስክርቅ እየጠበቀች ነው።

ራቅ አልኩላት።